ዳኛን የሚሾመው ማነው? ከዙፋን ችሎት እስከ ሰበር ችሎት

«በፍርድ ከሄደች በቅሎዬ፣ ያለፍርድ የሄደች ጭብጦዬ» ይላል ያገራችን ሰው። በቅሎውን በፍርድ ቢነጠቅ ይችለዋል፤ ዳኛ ሳይበይን የተወሰደችበት ጭብጦ ግን ዕድሜ ልኩን ትቆጨዋለች። ፍርድን ይህን ያህል ለሚያከብር ሕዝብ የፍርድ ቤቶቹ ታሪክ በአንድነት ተነግሮት አያውቅም። አያቶቻችን ስለ ዙፋን ችሎት፣ አባቶቻችን ስለ ቀበሌ ፍርድ ሸንጎ አወሩልን፤ ዛሬ ደግሞ በየዜናው «ሰበር ሰሚ ችሎት» ሲባል እንሰማለን። እነዚህን ሁሉ የሚያያይዛቸው አንድ ጥያቄ አለ፤ ዳኛውን ወንበር ላይ የሚያስቀምጠው፣ ከወንበሩም የሚያነሳው ማነው? በመቶ ዓመት ውስጥ ፍርድ ቤቶቻችን ብዙ ጊዜ ፈርሰው ብዙ ጊዜ ተሠርተዋል። የሾመው ሰው የማይዘውን ዳኛ ማግኘት ግን ፍርድ ቤት ከመሥራት ይበልጥ አስቸግሮናል። (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት በኢትዮጵያ አቆጣጠር ናቸው።)

ከ1900 በፊት፤ ገዢው ዳኛ፣ ዳኛውም ገዢ

በቀደመው ዘመን ዳኝነት ከግዛት ተለይቶ የሚታይ ሥራ አልነበረም። ጉልት የተሰጠው መልከኛ ግብር ይሰበስባል፤ ክተት ሲታወጅ ጭፍራውን ይዞ ይዘምታል፤ ባላገሩ ሲጣላም ተቀምጦ ይዳኛል። ትንሿን ነገር ጭቃ ሹሙ፣ ከፍ ያለውን ምስለኔው፣ የከበደውን የአገሩ ገዢ ያያል። ገዢ ስለሆነ ብቻ ዳኛ ነው። የዘመኑ ሹም ደመወዝ አይቆረጥለትም፤ ከተሟጋቾች የሚገባው የዳኝነት ገንዘብና ከመቀጫው የሚደርሰው ድርሻ መተዳደሪያው ነበር። «ሲሾም ያልበላ ሲሻር ይቆጨዋል» የሚለውን ተረት እንደ ሙስና ምክር ብቻ የምናነበው ዛሬ ነው። በዚያ ዘመን የሹመቱን አሠራር የሚናገር እውነት ነበረበት።

ሙግቱ ግን የገዢው ብቻ አልነበረም። ሁለት ሰዎች መንገድ ላይ ቢጋጩ አንዱ «በሕግ አምላክ!» ካለ ሌላው ይቆማል፤ በዚያ የሚያልፍ ደህና ሰው ተይዞ በዛፍ ጥላ ሥር ይቀመጥና ይዳኛቸዋል። ማንም አልሾመውም። ሁለቱም ወገን ስለተቀበሉት ብቻ የመንገድ ዳኛ ሆነ። ነገሩ ካላለቀ ዋስ ተጠርቶ ወደ ሹሙ ይኬዳል። ዋስ የሌለው ከባላጋራው ጋር በነጠላ ጫፍ፣ ከበድ ሲልም በሰንሰለት ተቆራኝቶ ይሄዳል፤ ሁለት ባላንጣዎች አብረው እየበሉና እየተኙ ችሎት የሚደርሱበት ጊዜ ነበር። ችሎቱ ፊት ሲቆሙ «ተጠየቅ!» እያሉ፣ በፈረስ፣ በበቅሎ፣ በማር እየተወራረዱ፣ እግርና ቃልን እያስተባበሩ ይሟገታሉ። አንደበተ ርቱዕ የነበረ ሰው ስሙ በአገር ይወጣለት ነበር። የሙግት ፍቅራችን ከየትኛውም የፍርድ ቤት ሕንፃ በዕድሜ ይበልጣል።

ከላይ፣ ከሁሉ በላይ፣ ዙፋን ችሎት አለ። በንጉሠ ነገሥቱ ፊት ወንበሮች የሚባሉት ዳኞች ግራና ቀኝ ተሰይመው ነገሩን ይሰማሉ። ፍርድ መስጠት የሚጀመረው በማዕርግ ከሁሉ ዝቅ ካለው ዳኛ ነው። እሱ ያየውን ይናገራል፤ ቀጥሎ ከእሱ ከፍ ያለው፣ እንዲያ እንዲያ እያለ ወደ ላይ ይወጣና የዳኞቹ የበላይ የሆነው አፈ ንጉሥ ጋ ይደርሳል። ንጉሡ መጨረሻ ላይ ይፈርዳል። ብልሃት ያለው ሥርዓት ነው፤ ትንሹ ዳኛ የትልቁን ቃል ሰምቶ እንዳያጎበድድ ትልቁ ዝም ብሎ ይቆያል። ነገሩ ከከበደ ሊቃውንት ተጠርተው ከዓረብኛ ወደ ግእዝ ከተመለሰው ከፍትሐ ነገሥት አንቀጽ ያወጣሉ። የንጉሡ ቃል ካረፈ በኋላ ግን ይግባኝ የለም። «ሰማይ አይታረስ፣ ንጉሥ አይከሰስ» የሚለው አባባል የሥርዓቱን ወሰን በአራት ቃል ያሳያል።

ከ1900 እስከ 1928፤ ሚኒስትሩ፣ ስድስቱ ክፍሎችና የቆንስሉ ወንበር

ጥቅምት 1900 ዳግማዊ ምኒልክ የመጀመሪያዎቹን ሚኒስትሮች ሲሾሙ የፍርዱን ሥራ ለአፈ ንጉሥ ነሲቡ ሰጡ። የንጉሥ አፍ ሆኖ የኖረው ሹመት የመንግሥት መሥሪያ ቤት ሆነ ማለት ነው። ብዙም ሳይቆይ አገሪቱ በስድስት የዳኝነት ክፍሎች ተመደበችና ለየክፍሉ ሁለት ሁለት ዳኞች ተሾሙ። ይግባኙ ወደ አፈ ንጉሡ፣ ከእሱም ወደ ዙፋን ችሎት ይሄዳል። ይህ ለዘመኑ ትልቅ እርምጃ ነበር፤ አገር ሳይገዛ፣ ጦር ሳይመራ፣ ለመዳኘት ብቻ የተሾመ ሰው በመንግሥት ደረጃ የታየው በዚህ ጊዜ ነው። በየአውራጃው ያለው ገዢ ግን ዳኝነቱን አልለቀቀም።

በዚያው ዓመት ጥር ወር ላይ ከፈረንሳይ ጋር የተፈረመው፣ በተደራዳሪው ስም የክሎቡኮቭስኪ ውል የሚባለው ስምምነት፣ የፍርድ ታሪካችንን ሳናስበው ወደ ሌላ መንገድ መራው። በውሉ መሠረት ፈረንሳዊ ከፈረንሳዊ ጋር ቢጣላ የሚዳኘው በራሱ ቆንስል ነው። ከኢትዮጵያዊ ጋር ሲጣላ ደግሞ ቆንስሉ ከኢትዮጵያዊው ዳኛ ጋር አብሮ ይቀመጣል። ሌሎች መንግሥታትም ይህንኑ መብት ለዜጎቻቸው ጠየቁ። በኋላ ለእንዲህ ያለው ጉዳይ አዲስ አበባ ውስጥ ልዩ ፍርድ ቤት ተቋቋመ። የውጭዎቹ መከራከሪያ «የተጻፈ ሕግ የላችሁም፣ የሠለጠነ ዳኛ የላችሁም» የሚል ነበር። አነጋገሩ ንቀት ነበረበት፤ መልሱ ግን ሥራ ይፈልግ ነበር። ከዚያ በኋላ የወጡት ሕጎች ሁሉ በአንድ ዓይናቸው ባላገሩን፣ በሌላው ዓይናቸው ቆንስሉን እያዩ የወጡ ናቸው ቢባል ማጋነን አይሆንም።

1923 የዚያ ጥረት ፍሬ የታየበት ዓመት ነው። የወንጀለኛ መቅጫ ሕግ ወጣ፤ ሐምሌ 9 ደግሞ የመጀመሪያው የተጻፈ ሕገ መንግሥት ታወጀ። ሕገ መንግሥቱ ዳኞች በሕጉ መሠረት፣ በንጉሠ ነገሥቱ ስም እንዲፈርዱ፣ የሚመረጡትም በዳኝነት ሥራ ልምድ ካላቸው ሰዎች እንዲሆን ደነገገ። ዳኛ ለመሆን ልምድ ያስፈልጋል የሚለው ሐሳብ ከተወላጅነትና ከጉልት ተለይቶ በወረቀት ላይ ሰፈረ። አምስት ዓመት ሳይሞላው ፋሺስት ኢጣሊያ አገሪቱን ወረረና ሁሉም ባለበት ቆመ።

ከ1934 እስከ 1966፤ አራት ደረጃ ፍርድ ቤት፣ አንድ ዙፋን

ከነጻነት በኋላ ንጉሠ ነገሥቱ ሲመለሱ እንግሊዞች አገር ውስጥ ነበሩ። ጥር 1934 ከእንግሊዝ ጋር የተፈረመው ስምምነት እንግሊዛውያን ዳኞች በኢትዮጵያ ፍርድ ቤት እንዲቀመጡ የሚያደርግ ነበር። በዚሁ ዓመት የወጣው የፍትሕ አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 2 ዛሬ የምናውቀውን ዓይነት መሰላል ዘረጋ፤ ከላይ በአፈ ንጉሡ የሚመራው ጠቅላይ የንጉሠ ነገሥት ፍርድ ቤት፣ ቀጥሎ ከፍተኛው ፍርድ ቤት፣ ከዚያ በታች የየግዛቱ ፍርድ ቤቶች። የውጭ አገር ሰው ያለበት ክርክር ሲቀርብ ከፍተኛው ፍርድ ቤት ውስጥ የውጭ አገር ዳኛ አብሮ ይሰየማል። እንዲህ ሆኖ የቆንስል ችሎት አከተመ። ፈረንጁ ዳኛ ቢቀመጥም የተቀመጠው በኢትዮጵያ ሕግ፣ በኢትዮጵያ ፍርድ ቤት ነው። ሠላሳ አራት ዓመት ሙሉ የአገሪቱን ክብር ሲነካ የቆየ ነገር በዚህ መንገድ ተዘጋ።

አገረ ገዢዎችም ደመወዝተኛ ሆኑ፤ የፍርድ ቤት ገቢ ወደ መንግሥት ግምጃ ቤት መግባት ጀመረ። ይሁንና ለውጡ እግረ መንገዱን አንድ ቋጠሮ ሳይፈታ አለፈ። በየጠቅላይ ግዛቱ፣ በየአውራጃውና በየወረዳው ፍርድ ቤት ሲሰየም ሰብሳቢው ያው አገረ ገዢው ነበር። ባላገሩ ግብር ያስከፈለውን፣ መሬቱን የለካበትን፣ ፖሊስ የላከበትን ሰው ሊከስ ሲሄድ ችሎቱ ላይ የሚያገኘው ራሱን ገዢውን ነው። ከእሱ በታች ደግሞ በ1939 አዋጅ አጥቢያ ዳኛ ተተከለ። እስከ 25 ብር የሚደርስ የፍትሐ ብሔር ክርክር፣ እስከ 15 ብር መቀጫ የሚያስከትል ወንጀል ያያል። ላሙ ማሳ ውስጥ የገባችበት፣ ድንበር የተገፋበት ሰው ቀድሞ የሚሮጠው ወደ እሱ ነው። አጥቢያ ዳኛው ብዙ ጊዜ የአካባቢው ባለርስት ነበር፤ ጭሰኛ በባለርስቱ ላይ ያለው አቤቱታ ምን ዕድል እንደነበረው አንባቢ ያስበው።

በ1948 የተሻሻለው ሕገ መንግሥት ዳኞች በፍርድ ሥራቸው ነጻ እንደሆኑና ከሕግ በቀር ለማንም እንደማይታዘዙ ጻፈ። የሚሾሟቸው ግን ንጉሠ ነገሥቱ ናቸው። ዝውውራቸውንና ደመወዛቸውን የሚይዘው ፍርድ ሚኒስቴር ነው። ቀጥለው ታላላቆቹ ሕጎች መጡ። በስዊሳዊው ዣን ግራቨን የተረቀቀው የወንጀለኛ መቅጫ ሕግ በ1949፣ በፈረንሳዊው ሬኔ ዳቪድ የተረቀቀው የፍትሐ ብሔር ሕግ በ1952 ወጡ፤ የወንጀል ሥነ ሥርዓቱ በ1954፣ የፍትሐ ብሔር ሥነ ሥርዓቱ በ1958 ተከተሉ። በ1955 የወጣው የፍርድ ቤቶች አዋጅ ደግሞ መሰላሉን አራት ደረጃ አድርጎ አሳጠረው፤ ወረዳ፣ አውራጃ፣ ከፍተኛ፣ ጠቅላይ። በ1956 በቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርሲቲ የሕግ ፋኩልቲ ተከፈተ።

እነዚህን አሥር ዓመታት ሳስብ ሁልጊዜ የሚታየኝ የወረዳው ዳኛ ነው። ትናንት በአገሩ ልማድና በፍትሐ ነገሥት ሲፈርድ የኖረ ሽማግሌ፣ በሺሕ የሚቆጠር አንቀጽ ያለው የፍትሐ ብሔር ሕግ ጠረጴዛው ላይ ይወርድለታል። ሕጉ የቀድሞውን ልማድ ሽሬያለሁ ይለዋል። የሚያስረዳው ሰው የለም፤ ከፋኩልቲው የሚወጡት ጥቂት ወጣቶች በአብዛኛው አዲስ አበባ ይቀራሉ። ስለዚህ በወረዳው ልማዱ እንደተሠራበት፣ ሕጉም እንደተጻፈ ጎን ለጎን ቀጠሉ።

ከመሰላሉ ጫፍ በላይ ደግሞ ዙፋን ችሎቱ እንዳለ ነበር። በጠቅላይ ፍርድ ቤት የተረታ ሰው ለንጉሠ ነገሥቱ አቤት ይላል፤ አዲሶቹ የሥነ ሥርዓት ሕጎችም ለዚህ አቤቱታ ቦታ ሰጥተውታል። መኪናቸው በሚያልፍበት መንገድ ዳር ተንበርክኮ ማመልከቻ የሚያቀርበው ባለጉዳይ እስከ መጨረሻው አልጠፋም። ብዙ ሰው ሲበደል የኖረው በታችኞቹ ሹሞች ስለነበር ከላይኛው ፍትሕ ቢጠብቅ አይፈረድበትም። ነገር ግን የመጨረሻው ቃል በአንድ ሰው እጅ እስካለ ድረስ ከበታቹ ያሉት አራት ደረጃዎች በሙሉ ጊዜያዊ ናቸው። የዘውዱ ዘመን የፍርድ ቤት ግንባታ፣ ለሠራው ሥራ ያለኝ አክብሮት እንዳለ ሆኖ፣ የተሰናከለው እዚህ ላይ ይመስለኛል።

ከ1967 እስከ 1983፤ ልዩ ፍርድ ቤትና የቀበሌ ሸንጎ

መስከረም 2 ቀን 1967 ንጉሡ ሲወርዱ ዙፋን ችሎቱም አብሮ ወረደ። ለንጉሡ ይቀርብ የነበረው የመጨረሻ አቤቱታ ወደ ዳኞች ጉባኤ ይሄድ ይሆናል ብሎ ተስፋ ያደረገ የሕግ ሰው ካለ ተስፋው ሁለት ወር ተኩል እንኳ አልቆየም። ኅዳር 14 ምሽት ስልሳ የሚሆኑ የቀድሞ ባለሥልጣናትና መኮንኖች ያለምንም ፍርድ ተረሸኑ፤ ጠቅላይ ሚኒስትር የነበሩት አክሊሉ ሀብተ ወልድና እንዳልካቸው መኮንን ከነዚያ መካከል ናቸው። ያ ሌሊት ለቀጣዩ ዘመን ሁሉ መለኪያ ሆነ። ሥልጣኑን የያዘው ወታደራዊ መንግሥት፣ ደርግ፣ ልዩ የወንጀለኛ መቅጫ ሕግ አወጣ፤ ይግባኝ የማይባልበት ልዩ የጦር ፍርድ ቤት አቆመ። የሚፈርዱት በአብዛኛው መኮንኖች ናቸው። መደበኛዎቹ ፍርድ ቤቶች አልተዘጉም፤ የውርስ፣ የጋብቻ፣ የውል ክርክር እያዩ ቀጥለዋል። ሰው በሕይወቱ የሚጠየቅበት ጉዳይ ግን ከእጃቸው ወጥቷል።

በሌላው ጫፍ አንድ እውነተኛ ለውጥ መጣ። በ1967 የገጠር መሬት አዋጅ የገበሬ ማኅበራት፣ በዚያው ዓመት ክረምት በወጣው የከተማ ቦታና ትርፍ ቤት አዋጅ ደግሞ ቀበሌዎች የራሳቸው ፍርድ ሸንጎ እንዲኖራቸው ተደረገ። ጭሰኛ የነበረ ሰው ጎረቤቶቹ መርጠውት ለዳኝነት ተቀመጠ። ባለርስቱ አጥቢያ ዳኛ ቀረ። በርቀትና በገንዘብ እጦት ከችሎት ተገልሎ የኖረ ድሀ የኪራይና የድንበር ጭቅጭቁን እዚያው ሰፈሩ ይጨርሳል። ይህን መካድ ታሪክን መካድ ነው።

ችግሩ ሸንጎው ብቻውን አለመቆሙ ነበር። ከጎኑ አብዮት ጥበቃው፣ ከጀርባው ካድሬው አለ። በ1969 እና በ1970 «ነፃ እርምጃ» የሚባለው ቃል በሬዲዮ ሲነገር፣ በየቀበሌው ሰው እየተያዘ ሲገደል፣ ክስ የሚባል ወረቀት፣ ቀጠሮ የሚባል ቀን አልነበረም። ያለፍርድ የሄደችው ጭብጦ የምትቆጨው ሕዝብ ልጆቹን ያለፍርድ አጣ።

በ1979 የጸደቀው የኢትዮጵያ ሕዝባዊ ዲሞክራሲያዊ ሪፐብሊክ (ኢሕዲሪ) ሕገ መንግሥት የጠቅላይ ፍርድ ቤት ዳኞችን ምርጫ የአገሪቱ ምክር ቤት ለሆነው ለብሔራዊ ሸንጎ ሰጠ። ከሹመት ወደ ምርጫ መሄዱ በወረቀት ሲታይ መልካም ነው። ሸንጎው ግን የአንድ ፓርቲ ሸንጎ ነበር፤ ዳኛውም የሸንጎውን ዕድሜ ተከትሎ የሚመረጥ ሰው ሆነ። የዘመኑ ሌላ ሥራ ግን ዘልቆ ቀርቷል፤ ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ መሠረታዊ የሕግ ስሕተት ያለበትን የመጨረሻ ውሳኔ በሰበር የሚያይበት መንገድ ያን ጊዜ ተከፈተ። ቀድሞ ለንጉሡ ይቀርብ የነበረው አቤቱታ ወደ ዳኞች ችሎት ዞረ።

ከ1983 እስከ 1996፤ ሁለት መሰላል፣ ብዙ ቋንቋ

ደርግ ሲወድቅ ብዙ ዳኞች ከቀድሞው ፓርቲ ጋር ነበራችሁ ተብለው ከወንበራቸው ተነሡ። የሚተኩት እስኪገኙ ፋይሎች ተከመሩ፤ በየክልሉ ወጣቶች የአጭር ጊዜ ሥልጠና እየወሰዱ ችሎት ላይ ተቀመጡ። ቢሆንም በ1984 የወጣ አዋጅ የዳኞችን አስተዳደር ከሚኒስቴሩ እጅ ለማውጣት ሞከረ። ይህ በዘውዱም በደርጉም ያልተደፈረ ነገር ነበር።

ነሐሴ 1987 የጸናው ሕገ መንግሥት ሁለት መሰላል ጎን ለጎን አቆመ። ፌዴራሉ የመጀመሪያ ደረጃ፣ ከፍተኛና ጠቅላይ ፍርድ ቤት አለው፤ ክልሉም ሦስት ደረጃ አለው። የፌዴራል ከፍተኛና የመጀመሪያ ደረጃ ፍርድ ቤት በሌለበት ክልል የፌዴራሉን ጉዳይ የክልሉ ፍርድ ቤቶች በውክልና ያያሉ። በ1995 በአፋር፣ በሶማሌ፣ በቤኒሻንጉል ጉሙዝ፣ በጋምቤላና በደቡብ ክልሎች የፌዴራል ከፍተኛ ፍርድ ቤት እንዲቋቋም በአዋጅ ተወሰነ። መደበኛውን የዳኝነት ሥልጣን የሚነጥቅ ልዩ ፍርድ ቤት እንዳይቋቋም ሕገ መንግሥቱ በግልጽ ከለከለ። የደርግ ጠባሳ ያለበት አንቀጽ ነው። ተከራካሪዎቹ ከፈቀዱ የቤተሰብ ጉዳይ በሸሪዓ ፍርድ ቤት የሚታይበት በርም ክፍት ተደረገ።

የሹመቱ ሥርዓት እንዲህ ተሠራ። የፌዴራል ጠቅላይ ፍርድ ቤት ፕሬዚዳንትንና ምክትሉን ጠቅላይ ሚኒስትሩ ያቀርባል፣ የሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት ይሾማል። ሌሎቹን የፌዴራል ዳኞች የዳኞች አስተዳደር ጉባኤ ይመለምላል፣ ጠቅላይ ሚኒስትሩ ለምክር ቤቱ ያቀርባል፣ ምክር ቤቱ ይሾማል። በክልልም ርእሰ መስተዳድሩ፣ የክልሉ ጉባኤና የክልሉ ምክር ቤት ይህንኑ ድርሻ ይይዛሉ። የክልል ጠቅላይና ከፍተኛ ፍርድ ቤት ዕጩዎችን በተመለከተ የክልሉ ጉባኤ የፌዴራሉን ጉባኤ አስተያየት መጠየቅ አለበት፤ በሦስት ወር ውስጥ መልስ ካልመጣ የክልሉ ምክር ቤት መሾም ይችላል። ዳኛ ጡረታ ከመውጣቱ በፊት የሚነሳው በዲሲፕሊን ጥፋት፣ በጉልህ የሥራ ችሎታ ማነስ ወይም በሕመም ምክንያት ነው። ይህንንም ጉባኤው ወስኖ ምክር ቤት ሲያጸድቀው ብቻ ነው።

ከዚህ ሁሉ ይልቅ የተራውን ሰው ሕይወት የነካው ቋንቋው ነው ብዬ አምናለሁ። አማርኛ የማይችል የአርሲ ወይም የሲዳማ ገበሬ ለብዙ አሠርት ዓመታት ችሎት የቆመው በአስተርጓሚ አፍ ነበር። ስለራሱ መሬት ሌላ ሰው ሲናገርለት ቆሞ ያያል። ክልሎች በየቋንቋቸው መዳኘት ሲጀምሩ ገበሬው በራሱ አንደበት ተሟገተ። የሕጉ ጽሑፍና የሕግ ትምህርቱ ግን በአማርኛና በእንግሊዝኛ ስለቀሩ ጭንቁ ወደ ዳኛው ዞሯል፤ በአንድ ቋንቋ ሰምቶ፣ በሌላ አንብቦ፣ በመጀመሪያው ይጽፋል።

አንድ ነገር ግን ለፍርድ ቤቶች አልተሰጠም። ሕገ መንግሥቱን የመተርጎም ሥልጣን የፌዴሬሽን ምክር ቤት ሆነ። አርቃቂዎቹ ሰነዱን የብሔር ብሔረሰቦች ቃል ኪዳን አድርገው ስላዩት ባልተመረጡ ዳኞች እጅ መጣሉን አልወደዱም። አሥራ አንድ አባላት ያሉት የሕገ መንግሥት ጉዳዮች አጣሪ ጉባኤ፣ የጠቅላይ ፍርድ ቤቱ ፕሬዚዳንት እየመራው፣ ያጠናል፤ የሚወስነው ምክር ቤቱ ነው።

በዚህ ዘመን የዳኞች ነጻነት የተፈተነበትን ጊዜ ከጠየቃችሁኝ 1993ን እጠቅሳለሁ። የሕወሓት አመራር ተከፍሎ የቀድሞው የመከላከያ ሚኒስትር ስዬ አብርሃ በሙስና ተጠርጥረው ሲታሰሩ ጉዳያቸው የቀረበላት የፌዴራል የመጀመሪያ ደረጃ ፍርድ ቤት ዳኛ ወጣቷ ብርቱካን ሚደቅሳ ነበረች። በዋስ ይለቀቁ አለች። ስዬ ከፍርድ ቤቱ በወጡበት ቅጽበት ፖሊስ መልሶ ያዛቸው። በሙስና የተጠረጠረ ሰው ዋስትና እንዳያገኝ የሚከለክል ሕግም በጥድፊያ ወጣ። አስፈጻሚው ዳኛዋን ከወንበሯ አላነሳትም፤ ትእዛዟን ግን እንዳልተሰጠ አደረገው። ሹመት በሕግ ቢጠበቅም ፍርድን የሚያስፈጽመው ክንድ የሌላ እንደሆነ ያን ዕለት አገር ሁሉ አየ።

ጎን ለጎን ሌላ ታሪክ ይሄድ ነበር። ታኅሣሥ 1987 የተጀመረው የደርግ ባለሥልጣናት ክስ አሥራ ሁለት ዓመት ፈጅቶ ታኅሣሥ 1999 የደርጉ መሪ መንግሥቱ ኃይለ ማርያም በሌሉበት ጥፋተኛ በተባሉበት ፍርድ ተጠናቀቀ። ቅጣቱ መጀመሪያ ዕድሜ ልክ ነበር፤ ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ በ2000 ወደ ሞት ለወጠው። በኋላ የብዙዎቹ የሞት ቅጣት በፕሬዚዳንት ይቅርታ ወደ ዕድሜ ልክ ዝቅ ብሏል። አሥራ ሁለት ዓመት ረጅም ነው፤ ያለ ጠበቃና ያለ ክስ የገደሉ ሰዎች ግን ጠበቃ አቁመው፣ ምስክር ጠይቀው፣ ይግባኝ ብለው ተፈረደባቸው።

ከ1997 እስከ 2010፤ ሰበር ሕግ ሆነ

በ1997 የወጣው አዋጅ ቁጥር 454 ጥቂት ገጽ ነው፤ ያመጣው ለውጥ ግን ከብዙ ወፍራም ሕጎች ይበልጣል። በፌዴራል ጠቅላይ ፍርድ ቤት ከአምስት ያላነሱ ዳኞች የሚሰየሙበት ሰበር ሰሚ ችሎት የሚሰጠው የሕግ ትርጉም በየደረጃው ያሉትን የፌዴራልና የክልል ፍርድ ቤቶች ሁሉ ያስገድዳል አለ። ውሳኔዎቹ በቅጽ እየታተሙ መውጣት ጀመሩ። ጠበቃ ቢሮ ብትገቡ ዛሬም መደርደሪያው ላይ ተደርድረው ታገኟቸዋላችሁ።

ከነዚያ መካከል በ2000 የተሰጠ አንድ ውሳኔ አለ። በደቡብ ክልል እናቱን ያጣ ልጅ አክስቱ ዘንድ ያድጋል፤ አባት መጥቶ ልጄን ስጡኝ ይላል። የበታች ፍርድ ቤቶች የአባትን መብት አይተው ለአባት ፈረዱ። ሰበር ችሎቱ ግን የሕገ መንግሥቱን የሕፃናት መብት አንቀጽና ኢትዮጵያ የተቀበለችውን የሕፃናት መብቶች ስምምነት አንሥቶ፣ መታየት ያለበት የሕፃኑ ጥቅም ነው ብሎ ውሳኔውን ሻረ። የአንድ ልጅ ጉዳይ ከዚያ ቀን ጀምሮ በየወረዳው ላለ የአሳዳጊነት ክርክር ሕግ ሆነ። ሰበርን የምወደው ለዚህ ነው።

ክልሎች ግን አንድ ተገቢ ቅሬታ አነሡ። በክልል ሕግ፣ በክልል መሬት፣ በክልል ፍርድ ቤት ያለቀ ጉዳይ ለምን አዲስ አበባ ይመጣል? ባለጉዳዩ ደግሞ ዕድል እስካለ ይመጣል፤ ፋይሉም በዝቶ የሰበር ቀጠሮ ረዘመ።

ከ2011 ወዲህ

ጥቅምት 2011 ምክር ቤቱ መዓዛ አሸናፊን የፌዴራል ጠቅላይ ፍርድ ቤት ፕሬዚዳንት አድርጎ ሾመ፤ ወንበሩ ላይ የተቀመጡ የመጀመሪያዋ ሴት ናቸው። ቀድሞ የከፍተኛ ፍርድ ቤት ዳኛ፣ በኋላም የኢትዮጵያ ሴቶች የሕግ ባለሙያዎች ማኅበር መሥራች ነበሩ። በ2012 ምርጫው በኮሮና ወረርሽኝ ምክንያት ሲራዘም የመንግሥት ዕድሜ ምን ይሁን የሚለው ጥያቄ በመዓዛ ሰብሳቢነት ለአጣሪ ጉባኤው ቀረበ። የሕግ ምሁራን ተራ በተራ ሲከራከሩ ክርክሩ በቴሌቪዥን ተላለፈ። ሕገ መንግሥት ሲተረጎም ሕዝብ በዓይኑ ያየው ያን ጊዜ ነው። የመጨረሻው ውሳኔ ግን ሰኔ ላይ በፌዴሬሽን ምክር ቤት ተሰጠ።

በ2013 ሁለት አዋጆች ወጡ፤ ቁጥር 1233 ስለ ዳኝነት አስተዳደር፣ ቁጥር 1234 ስለ ፌዴራል ፍርድ ቤቶች። የመጀመሪያው በዳኞች አስተዳደር ጉባኤ ውስጥ ዳኞች ራሳቸው የሚወከሉበትን ቦታ አሰፋ፤ ፍርድ ቤቶችም በጀታቸውን በቀጥታ ለምክር ቤቱ እንዲያቀርቡ አደረገ። ሁለተኛው የመጀመሪያ ደረጃ ፍርድ ቤቱን የገንዘብ ሥልጣን ከ500,000 ወደ 10 ሚሊዮን ብር ከፍ አደረገው። የክልል ጉዳይ ወደ ፌዴራል ሰበር የሚመጣበትንም በር አጠበበ፤ የሕዝብ ጥቅምና አገራዊ ፋይዳ ያለው ሲሆን ብቻ። በዚያው ዓመት ኦሮሚያ ባህላዊ ፍርድ ቤቶችን በአዋጅ አቋቋመ። ሽማግሌዎች በአካባቢው ልማድ የሚዳኙበት፣ ለዘመናት በሕግ ያልታወቀ ግን ያልሞተ ችሎት የመንግሥት እውቅና አገኘ።

ጥር 2015 መዓዛና ምክትላቸው ሰሎሞን አረዳ ከኃላፊነት ሲለቁ ምክር ቤቱ ቴዎድሮስ ምሕረትን ፕሬዚዳንት፣ አበባ እምቢአለን ምክትል አድርጎ ሾመ። ስማቸውን ያቀረቡት እንደ ሥርዓቱ ጠቅላይ ሚኒስትሩ ናቸው። የሌሎቹ ዳኞች ዕጩነት ከአስፈጻሚው ርቆ ወደ ጉባኤው በገባበት ዘመን የፕሬዚዳንቱ ጥቆማ ግን በ1987 እንደተጻፈው ቀርቷል። ይህን ለመለወጥ ሕገ መንግሥቱን ማሻሻል ይጠይቃል። ፕሬዚዳንቱ ጉባኤውን ስለሚሰበስብ፣ አጣሪ ጉባኤውንም ስለሚመራ፣ የዚህ አንድ ሹመት መንገድ በመጀመሪያ ደረጃ ችሎት እስከሚቀመጠው የፌዴራል ዳኛ ድረስ ይደርሳል።